ስለተቃጠለው አምፕሊፋየር

ይድረስ ለወንድሜ ለታዴ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሜሪላንድ በረዶ ጥሏል፤ ጉልበቴ ብቻ ብርድ ሲመጣ ይከዳኛል።

ስድስት ዓመት ለምን ድምፄን እንዳጠፋሁ ሳታውቀው አትቀርም። ያ የላክሁልህ አምፕሊፋየር ነው። ጀርባው ላይ «120 ቮልት» ይላል፤ እኔ ሳላይ ላክሁት። አንተም በእህትህ ሠርግ ዋዜማ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል፣ 220 ላይ ሰካኸው። «ጢሱ ስለበቃ ለቡናው ዕጣን አታጭሱ አልኳቸው» ብለህ ጻፍክልኝ። አንተ ቀልደህ አለፍከው። እኔ ግን አፈርኩ። ነገ እደውላለሁ ስል ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ።

አሁን የጻፍኩልህ ሳንሱይ የሚባለውን የጃፓን አምፕሊፋየር ስላገኘሁ ነው። ኤዩ-717፣ በፈረንጅ 1977 የወጣው፣ ጥቁር ፊት ያለው። አንዲት ሴት የሟች አባቷን ዕቃ ጋራዥ ደጃፍ ደርድራ ትሸጣለች። ሰውየው ወታደር ነበር፤ ኦኪናዋ ሲያገለግል ከጦር ሰፈሩ ሱቅ ነው የገዛው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ወታደር ከጃፓን ሲመለስ ቴፕና አምፕሊፋየር ሸክፎ መምጣቱ የተለመደ ነበር። 60 ዶላር አለችኝ። ለመከራከርም አፈርኩ። ሳነሳው ወገቤ ጮኸ፤ ወደ 18 ኪሎ ነው።

ክዳኑን ፈትቼ ሳየው ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። ሁሉም ነገር በብሎን የታሰረ፣ እጅ የሚያስገባ ነው። ትራንዚስተሮቹ ቁጥራቸው ይነበባል፤ አንዱ ቢሞት አንዱን ትቀይራለህ። የዛሬው ዕቃ እኮ አንዲት ቺፕ ስትሄድ ሁሉም ይሄዳል። ክብደቱም ለጉራ የተጨመረ አይደለም፤ ትራንስፎርመሩና የሙቀት ማስወጫው ብረት ነው። ሳንሱይ ራሱ ሥራ የጀመረው ትራንስፎርመር በመሥራት ነው። ስሙ በጃፓንኛ ተራራና ውሃ ማለት ነው ብልህ ደስ አይልህም?

ዋቱ ደግሞ ዋት ነው። አሜሪካ በ1974 ባወጣችው ደንብ አምራች ሁሉ በማስታወቂያው ላይ የሚጽፈው ዋት አምፕሊፋየሩ ሳያቋርጥ የሚሰጠው መሆን ነበረበት። ከዚያ በኋላ ጃፓኖቹ እሽቅድምድም ገቡ። ፓዮኒር በ1976 በአንድ ቻናል 160 ዋት አወጣ፤ በ1978 ደግሞ 270! የእኔው 85 ነው። አሁን ገበያው ላይ «2000 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሳጥን በአንድ እጅ ስታነሳ ምን እንደምታስብ አውቃለሁ።

ድምፁ ከአዲሶቹ ሁሉ ይበልጣል የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም። ጥሩ አዲስ አምፕሊፋየር ከዚህ እኩል ይጫወታል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ነው። ግን ያንን የቮሊዩም ቁልፍ ስታዞረው ጣትህ ላይ የሚሰጥህን ክብደት ምን ብዬ ልንገርህ? ማብሪያውን ስትጫን ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል። ከዚያ ሪሌው «ጠቅ» ይልና ስፒከሮቹ ይገናኛሉ። እኔ ለዚያች «ጠቅ» ስል ብቻ አጥፍቼ አበራዋለሁ። ባለቤቴ አብዷል ብላለች።

አልዋሽህም፣ እንዲሁ አልሠራም። የግራው ቻናል ይንኮሻኮሽ ነበር። በዚያ ዘመን ካፓሲተሮችን ቦርድ ላይ ለመያዝ ይቀቡት የነበረ ሙጫ አለ፤ ሲያረጅ ይጠቁርና የዕቃዎቹን እግር ይበላል። ሁለት ቅዳሜ በቢላዋ ጫፍ ስፍቅ ዋልኩ። የደረቁትን ካፓሲተሮች ቀየርኩ፤ ማዞሪያዎቹን በስፕሬይ አጠብኩ። የብየዳ ካውያ ከያዝኩ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። ፒያሳ አንተ ሱቅ ቁጭ ብዬ ያየሁት ሁሉ ግን እጄ ላይ ነበር። ከዚያ ያቺን ክራር ያለባትን ካሴትህን ቴፑ ውስጥ አስገባሁ። አዎ፣ እኔ ጋ ናት።

እንግዲህ ዋናው ነገር። ይኼ ለውጭ አገር ገበያ የተሠራ ስለሆነ ጀርባው ላይ የቮልቴጅ መምረጫ አለው። 220 ላይ አድርጌዋለሁ። ሦስት ጊዜ አይቻለሁ፤ ልጄንም ጠርቼ አሳይቻለሁ። የአጎቴ ልጅ ለገና ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። የአንድ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ነው፤ በቀረው አምስት ኪሎ ለእማማ ሹራብና ካሴትህን እጨምራለሁ።

ብቻ ቀጥታ እንዳትሰካው። እንዳስተማርከኝ መጀመሪያ መቶ ዋት አምፖል በመሃል አስገብተህ ሞክረው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደውልልኝ። ቦግ እንዳለ ከቀረ ግን ችግር አለ፤ ያኔም ደውልልኝ።

ወንድምህ