እማዬ ስትፈራ ስኳሯን ለኪላት

ቶሮንቶ፣ ነሐሴ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆታችሁ ብቻ ነው።

እሁድ በስልክ የነገርሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ፍልሰታ ከገባ ወዲህ እማዬ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ድንገት ትፈራለች፣ ያለ ነገር ትቆጣለች፣ ላብ ያጠምቃታል አልሽኝ። እህል ከቀመሰች በኋላ ደግሞ ምንም ያልነካት ሰው ትሆናለች። ጎረቤቶች ጭንቀት ነው፣ ጠበል ውሰጃት ብለውሻል። ጠበሉን አልቃወምም። ግን እኔም እንደ እሷ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆንኩ ይሄን ነገር በራሴ አውቀዋለሁ። የደሟ ስኳር እየወረደባት ይመስለኛል።

ሳልነግራችሁ የቆየሁት ነገር አለ። ካቻምና በብርዱ ወራት መጋዘን ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ስሠራ ልቤ ድንገት ድው ድው ይል ነበር። እጄ ይንቀጠቀጣል። የሆነ ክፉ ነገር ሊመጣ ነው የሚል ፍርሃት ይወረኛል። የስደት ጭንቀት ነው ብዬ ተቀበልኩት። አብራኝ ከምትኖረው ልጅ ጋር በማይረባ ነገር ተጣላሁ። አንድ ሌሊት ግን በዚያው ፍርሃት መሀል ጣቴን ወግቼ ለካሁ። 2.8 አለ። በእናንተ መለኪያ 50 ማለት ነው። ጁስ ጠጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስንት ወር በራሴ ላይ ስፈርድ ኖሬያለሁ!

ሐኪሜ እንዳስረዳችኝ፣ አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 ከመቶ ያህል ቢሆንም ከጉልበታችን 20 ከመቶ ያህሉን የሚበላው እሱ ነው። ምግቡ ግሉኮስ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው ስኳር ነው፤ ጎተራ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስኳር ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን የሚባል የማንቂያ ሆርሞን ይረጫል። ጅብ ስናይ የሚረጨው ያው አድሬናሊን ነው። ጅብ ሳይኖር ፍርሃቱ ብቻ ይመጣል። ከዚያም በታች ከወረደ አንጎል ራሱ ይራባል። ቃል ይጠፋል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ሰው ይነጫነጫል።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ደጋግሞ መውረዱ ነው። ሲደጋገም ማንቂያው ይደክማል። ላቡም መንቀጥቀጡም ይቀርና ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። እኔ አንድ ቀን አውቶብስ ውስጥ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። የቤቴን አድራሻ መናገር አቃተኝ። የሰከርኩ መሰላቸው። ሐኪሜ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊኔን ቀነሰችልኝና ለሳምንታት ምንም እንዳይወርድብኝ ተጠነቀቅን። መንቀጥቀጡ ሲመለስ ደስ አለኝ። ፍርሃቱ ግን ቶሎ አልተወኝም። ማታ ይወርድብኛል ብዬ ሳልራብ እየበላሁ ነበር የምተኛው።

በ2009 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ 16,667 በዕድሜ የገፉ የስኳር ሕሙማንን የተከታተለ ነው። ሆስፒታል እስኪገቡ ድረስ ስኳር የወረደባቸው ሰዎች ላይ የመርሳት በሽታ በብዛት ታይቷል። አንዱ ሌላውን ያመጣዋል ለማለት አይበቃም። ቢሆንም የእማዬን ዕድሜ ሳስብ ችላ ማለት አልችልም።

እማዬ ጠዋት የምትውጠው የስኳር መድኃኒት፣ ግሊቤንክላሚድ፣ ቆሽቷን ኢንሱሊን አውጣ ይለዋል። በላች አልበላች አይጠይቅም። መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቋርጪባት፣ ሐኪሟ ጋር ይዘሻት ሂጂ። የንስሐ አባቷንም አነጋግሪልኝ። ለበሽተኛ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፤ እሷ ግን ከእሳቸው አፍ ካልሰማች እሺ አትልም።

ፍርሃቱ ሲመጣባት አትከራከሪያት። ለኪላት። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጫት፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሚና ለኪ። ከተስተካከለ ምግብ ትብላ። ያ መድኃኒት ቆይቶም መልሶ ስለሚያወርድ በዚያ ቀን ብቻዋን አትተዪያት። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም እንዳትጨምሪ። በጎኗ አስተኝተሽ ሆስፒታል አድርሺያት።

ሰው ስላገኘሁ መለኪያና ደም የሚነካበት ስትሪፕ ልኬያለሁ። መለኪያው የሚያነበው በዚህ በካናዳ ቁጥር ነው፣ በ18 አባዢው። 3.9 ካለ 70 ነው። በወረቀት ጽፌ ከጀርባው ለጥፌበታለሁ። እስኪደርስሽ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስለኪያት። ቁጥሩን ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፊልኝ፣ ቅዳሜ ስደውል አብረን እናየዋለን።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እህትሽ