ለአባቴ፦ ስለ ማህሌት ቼሎ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ማህሌት ስለምትለማመድበት ቼሎ፣ ስለዚያ በደጋን ስለሚመታው ባለ አራት አውታር ትልቅ መሣሪያ፣ ሁለት ነገር ጠይቀውኝ ነበር፤ አንደኛው «ይህ መሣሪያ ከየት መጣ?»፣ ሁለተኛው «እቤቴ ሲቀመጥ ምን ልጠንቀቅለት?» የሚል። በስልክ ቆራርጬ ከምነግርዎ ተረጋግቼ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የቼሎን ታሪክ ለእርስዎ ለማስረዳት ከበገናዎ የተሻለ መነሻ የለም። የበገናዎ አሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት የተገመዱ ናቸው። የቼሎም አውታር ለብዙ ዘመን ከዚያው ከበግ አንጀት ነበር፤ ችግሩም የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

የአውታር ድምፅ እንዲወፍር ከተፈለገ መንገዱ ሦስት ነው፦ ማስረዘም፣ ማላላት ወይም ማወፈር። ማላላት ሩቅ አያስኬድም፤ የላላ አውታር ደጋን ሲያልፍበት ይዋልላል እንጂ ጥርት ያለ ድምፅ አይሰጥም። ማወፈርም ወሰን አለው። የቼሎ ቀጭኗ አውታር «ላ» በሴኮንድ 220 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ወፍራሟ «ዶ» ግን 65 ጊዜ ገደማ ብቻ። ርዝመታቸውና ውጥረታቸው እኩል ይሁን ካልን፣ «ላ» 1.2 ሚሊ ሜትር ብትሆን «ዶ» ወደ 4 ሚሊ ሜትር መድረስ አለባት። ያን ያህል የወፈረ አንጀት ደግሞ ይደድራል፤ ደጋኑ ቶሎ አያስነሳውም፣ ድምፁም የታፈነ ነው። በገና ቁመቱ ረጅም ስለሆነ፣ በጣትም ስለሚደረደር፣ እንዚራውም (ከአውታሩ ሥር ያለው ቁራጭ ቆዳ) ድምፁን ስለሚያነዝርለት ነገሩ አላስጨነቀውም። በደጋን ለሚመታ መሣሪያ ግን ከባድ ጣጣ ነበር።

የሰሜን ጣሊያን ባለሙያዎች መጀመሪያ የመረጡት ማስረዘምን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በክሬሞና ከተማ የነበረው አንድሬያ አማቲ የሠራው አንድ ቼሎ እስከ ዛሬ አለ፤ ለፈረንሳይ ንጉሥ ለቻርልስ 9ኛ የንጉሡ ምልክት የተሣለበት ሲሆን፣ አሁን በአሜሪካ በደቡብ ዳኮታ ቨርሚሊዮን በሚገኘው የሙዚቃ ሙዚየም ተቀምጧል። ሲሠራ ሦስት አውታር ብቻ ነበረው፤ አካሉም ከዛሬው ይበልጥ ነበር። የዚያ ዘመን ቼሎዎች የአካላቸው ቁመት ብቻ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ይደርስ ነበር። ለግራ እጅ ጣቶች ይህ ትልቅ ርቀት ነው፤ ስለዚህ ቼሎ ከታች ሆኖ ሌሎቹን መደገፍ እንጂ ዜማ ይዞ መሮጥ አልሆነለትም።

ለውጡን ያመጣው ቀጭን ሽቦ ነው። በ1660ዎቹ ገደማ ቀጭን የአንጀት አውታር ላይ የብር ወይም የመዳብ ሽቦ ጥብቅ አድርጎ መጠምጠም ተጀመረ። ብር በመጠን እኩል ከሆነ አንጀት ስምንት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ አውታሯ ሳትወፍር ክብደት አገኘች፤ መሐሏ ያለው አንጀት ቀጭን ስለሆነም እንደ ልብ ትታጠፋለች። በእኔ እምነት በቼሎ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልተሠራም። የማህሌት ቼሎ ላይ ያለችውን ወፍራሟን አውታር በጥፍርዎ ቀስ አድርገው ቢፍቋት ጥምጥሙ ይሰማዎታል። ዛሬ መሐሏ ብረት ነው፤ የሚጠመጠመውም ብዙ ጊዜ ከብር እጥፍ ገደማ የሚከብደው ተንግስተን ነው፤ ዘዴው ግን ያው ነው።

አውታሯ ከቀጠነች በኋላ መሣሪያው ረጅም መሆን አላስፈለገውም። ስሙም ይህንኑ ይናገራል፤ «ቪዮሎኔ» በጣሊያንኛ ትልቁ ቪዮላ (ሌላው ባለ ደጋን መሣሪያ) ማለት ሲሆን፣ «ቪዮሎንቼሎ» ደግሞ «ትንሹ ትልቅ» እንደማለት ነው። ስሙ ታትሞ የወጣው በ1665 ነው። በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ በሳን ፔትሮኒዮ ቤተ ክርስቲያን ያገለግል የነበረው ሙዚቀኛ ዶሜኒኮ ጋብሪዬሊ በ1689 ለብቻው ለሚመታ ቼሎ ድርሰት ጻፈ። ከ1707 ገደማ ጀምሮ ደግሞ የክሬሞናው መሣሪያ ሠሪ ስትራዲቫሪ አካሉን ወደ 76 ሴንቲ ሜትር አሳጠረው፤ የዛሬዎቹ ቼሎዎች በአብዛኛው የዚያ ልክ ልጆች ናቸው። የድሮዎቹን ትልልቆች ግን ኋላ የመጡ ሠራተኞች እየቆረጡ አሳነሷቸው። የአማቲውም ንጉሣዊ ቼሎ ከዚህ አላመለጠም፤ ከጀርባው ሥዕል የተቆረጠው ተቆርጦ ቀርቷል። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የሙዚቃ ደራሲው ባኽ በ1720 ገደማ በጀርመን ኮተን ከተማ ስድስቱን የቼሎ ስዊቶች (ተከታታይ አጫጭር ዜማዎች ያሉባቸውን ድርሰቶች) ጻፈ። በእጁ የጻፈው አልተገኘም፤ ዋናው መተማመኛችን ሚስቱ አና ማግዳሌና የገለበጠችው ነው። አምስተኛው ላይ ቀጭኗ አውታር ከ«ላ» ወደ «ሶል» ዝቅ ብላ ትቃኛለች፤ ስድስተኛው ባለ አምስት አውታር ቼሎ ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ እንደ መለማመጃ ሲታዩ ኖረው፣ ስመ ጥሩው የቼሎ ተጫዋች ፓብሎ ካሳልስ በ13 ዓመቱ ባርሴሎና ውስጥ የታተመ ቅጂ አግኝቶ ከ1936 እስከ 1939 ሁሉንም በሸክላ አስቀረጸ። የመጀመሪያውን ስዊት መክፈቻ ማህሌት እንድታሰማዎ ይጠይቋት። አንድ ቼሎ ብቻውን ታችና ላይ እየተመላለሰ ሁለት ሦስት ሰው የሚያዜም ያስመስላል። ከቼሎው ሥር ወጥቶ መሬት ላይ የሚቆመው ብረት ግን ዘግይቶ የመጣ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤልጅጉ ሰርቬ ነው ያስለመደው። ከዚያ በፊት መሣሪያውን በሁለት ባት ቆንጥጦ መያዝ ነበር።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። አውታሮቹ በአንድ ላይ ከ50 ኪሎ በላይ ይስባሉ፤ ከዚህ ስበት ወደ ታች የሚጫነውን የሚሸከመው እርስዎ በበገናዎ ብርኩማ የሚሉት ዓይነት፣ በሜፕል እንጨት የተቀረጸው መቆሚያ ነው። ብርኩማው አልተጣበቀም፤ ውጥረቱ ብቻ ነው የያዘው። አውታር በተጠበቀ ቁጥር አናቱ ወደ መቃኛው ይጎተታል፣ ቀስ በቀስም ይጎብጣል። ከጎን ሆነው ይመልከቱት፦ አውታሮቹ ከታች ወደሚታሰሩበት በኩል የዞረው ጎኑ ከቼሎው የፊት ገጽ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለበት። ካዘነበለ አውታሮቹን ትንሽ አላልተው፣ በሁለት እጅ አናቱን ይዘው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሳያስበልጡ ይመልሱት። አውታሮቹ የሚያልፉባቸውን ጭረቶች በእርሳስ ቀለም ማድረግ መጎተቱን ይቀንሰዋል።

በሆዱ ውስጥ፣ በቀጭኗ አውታር በኩል ካለው የብርኩማ እግር ጀርባ፣ አንዲት ቀጭን የእንጨት ምሰሶ ቆማለች። እሷም ሙጫ የላትም። ጣሊያኖች «ነፍስ» ይሏታል፤ የፊቱን ንዝረት ወደ ጀርባው የምታደርስ እሷ ናት። አራቱም አውታሮች በአንዴ ከተፈቱ ትወድቃለች፤ ስለዚህ መቀየር ካለባቸው አንድ በአንድ ነው። ከወደቀች አውታር እንዳይወጥሩ፤ ፊቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

በበጋ የአዲስ አበባ አየር ሲደርቅ እንጨቱ ይሸማቀቃል፤ መቃኛዎቹ ይንሸራተታሉ። ትንሽ ጠመኔ ቀብተው፣ እያዞሩ ወደ ውስጥ ገፋ ያድርጉ። በክረምት አብጠው እምቢ ካሉ ደግሞ ደረቅ ሳሙና ይጥረጉባቸው። የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። ለበጋው በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ ተጨምቆ ውሃው የወጣ ስፖንጅ አድርገው ከመሣሪያው ሳጥን ውስጥ ያኑሩ፤ እንጨቱን ግን አይንካ። ከምድጃና ከፀሐይ ያርቁት። ጥግ ላይ አስደግፈው ከማቆም በጎኑ ያስተኙት።

በበገና መንዘር ውበት ነው፤ በቼሎ ግን ብዙ ጊዜ የጉዳት ምልክት ነው። ከነዘረ በጣትዎ አንጓ ዙሪያውን ጠርዙን ቀስ እያሉ ያንኳኩ፤ ድምፁ ድንገት የሚለወጥበት ቦታ ላይ ስፌቱ ተከፍቷል። ይህ አያስደንግጥዎት። ሠሪዎቹ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚቀቀል ሙጫ የሚያጣብቁት ሆን ብለው ነው፤ እንጨቱ ሲሸማቀቅ ሙጫው ይለቃል፣ እንጨቱ ይተርፋል። የአናጢ ነጭ ኮላ ግን በምንም መንገድ እንዳይነካው፤ ቀጣዩ ድርቀት ሲመጣ በሙጫው ፈንታ እንጨቱ ነው የሚሰነጠቀው። አውታሮቹን ትንሽ አላልተው ለሙያተኛ ይስጡት።

አንድ ሌላ ነገር፦ «ፋ» አካባቢ አንድ ድምፅ ብቻ ተለይቶ የሚንተባተብ ከሆነ ልጅቷን እንዳይቆጧት። «ተኩላ» ይባላል፤ የአካሉ የራሱ ንዝረት ከአውታሩ ጋር ሲጋጭ የሚፈጠር ነው፤ በጥሩ ቼሎዎችም አለ። ከብርኩማው በታች አውታሩ ላይ የምትታሰር ትንሽ የናስ ቱቦ ታለዝበዋለች። እስከዚያው ጎኑን በጉልበቷ ጫን ትበል።

ደጋኑ እንደ ማሲንቆው በፈረስ ጭራ ነው። ጭራውን በጣት አይንኩት፤ የእጅ ቅባት ጭራው ላይ የሚቀባውን የዛፍ ሙጫ አያስይዘውም። ልምምድ ስታበቃ ከጫፉ ያለውን ብሎን አዙራ ታላላው፤ ሁሌ ተወጥሮ ካደረ እንጨቱ ጉብጠቱን ያጣል። አውታሮቹ ላይ የረገፈውን ነጭ ብናኝም በደረቅ ጨርቅ ትጥረገው፤ ውሃም አልኮልም ቀለሙን ያበላሻል።

የእርጥበት መለኪያውን ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልዎታለሁ። እማማን ሳሙልኝ። ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ