መርፌውን አትላኪልኝ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት ቤቱ እንግዳ ሞልቶት ስለነበር ስልክ ላይ በደንብ አላወራሁሽም። ያንን የሚያከሳ መርፌ በሰው ሻንጣ እልክልሻለሁ ያልሽውን ተይው።

አይሠራም ብዬ አይደለም። ሐኪሜን ጠይቄዋለሁ፣ ረሃቡን ያጠፋዋል፣ ብዙ ሰውም ከስቶበታል አለኝ። ግን በክትትል የሚወሰድ መድኃኒት ነው እንጂ ከአሜሪካ እንደሚመጣ ሽቶ አይደለም። ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ሻንጣ ውስጥ ያን ሁሉ ሰዓት ተጉዞ ምን ሆኖ ይደርሳል? የሰፈራችንን መብራት ደግሞ ታውቂዋለሽ። ስታቆሚው ክብደቱ ይመለሳል። ከእነዚህ የሚያከሱ መርፌዎች አንዱ በሆነው በዌጎቪ ላይ በተደረገው ጥናት መርፌውን ያቆሙት ሰዎች በዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል።

«እማዬ፣ ዳይቱን አልያዝሽውም እንዴ?» ስትዪኝ ግን ተናድጃለሁ፣ አልዋሽሽም። ይዣለሁ! ሻይ በስኳር ካቆምኩ ቆየሁ። እንጀራውን ቀንሻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከጎረቤቶቼ ጋር እስከ መስቀል አደባባይ በእግራችን ሄደን እንመለሳለን። ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ታይሮይዴንም ስኳሬንም ተመርምሬ ነጻ ነኝ።

ዕድሜ ልኬን ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ የክብደትን ነገር አንቺ ልታስረጂኝ አይገባም ነበር። ሰው ሁሉ ከ40 በኋላ ሰውነት የበላነውን ማቃጠል ያቆማል ይላል። በ2021 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው ትልቅ ጥናት ግን ማቃጠሉ ከ20 እስከ 60 ዓመት ብዙም አይለወጥም፣ ቀስ እያለ የሚቀንሰው ከ60 በኋላ ነው ይላል። የእኔ ነገር ሌላ ነው። የወር አበባዬ ሲቋረጥ የሴቷ ሆርሞን ኤስትሮጅን ወረደ፣ ድሮ ዳሌዬ ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ሆዴ ላይ መጣ። ሌሊት ድንገት ሙቀት ይለቅብኛል፣ አንሶላው ይረጥባል፣ እንቅልፍ የለም፤ በማግስቱ ደግሞ ያገኘሁትን ዳቦ ሁሉ ልበላ ያምረኛል። ጡንቻም በዕድሜ ይቀንሳል። አንቺም ከአሁኑ እወቂው፣ ለእኔ ማንም አልነገረኝም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ጾም ያከሳል የሚሉትን አትመኚ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋም ወተትም የለም፣ እውነት ነው። ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚበላውን እይው፤ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ሁሉም ዘይት ነው። ሽንኩርቱን ሳቁላላ ከጀሪካኑ የማንቆረቁረውን አንድ ቀን በሾርባ ማንኪያ ለካሁት። ለእኔና ለአባትሽ ብቻ ስድስት ማንኪያ! አንዱ 120 ካሎሪ ገደማ ነው፣ የእኔ ድርሻ 360 መሆኑ ነው። ሰዓት ሙሉ ተራምጄ ከዚህ የሚበልጥ አላቃጥልም። አሁን ሁለት ማንኪያ ብቻ አደርጋለሁ፣ ሲያርብኝ ውሃ ጠብ እያደረግሁ አቁላላለሁ። አባትሽ ሽሮው ጣዕም የለውም ብሎ አኩርፏል፤ ይለምደዋል።

ሰውስ መች ይተውሻል? ማኅበር ላይ «በሞቴ!» እያሉ ያጎርሱሻል። ፊትሽ ትንሽ ጎደል ካለ ደግሞ «ምነው ከሳሽ፣ አሞሻል እንዴ?» ይሉሻል።

አሁን ሚዛኑን አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ። ወገቤን በሜትር ነው የምለካው። ለሴት ከ88 ሴንቲሜትር ካለፈ የልብና የስኳር አደጋው ይጨምራል። የእኔ 94 ነበር፣ አሁን 91 ነው፣ ኪሎዬ ያው ሆኖ ማለት ነው። በሁለቱ የውሃ ፕላስቲክ ክንዴን እሠራለሁ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ እላለሁ። አባትሽ ይስቃል። ግፊቴ ግን ወርዷል፣ ሐኪሙ ራሱ ደስ ብሎታል። ስለዚህ በደወልሽ ቁጥር ስንት ኪሎ ደረስሽ አትበዪኝ።

ሰውየው ከመጣ አይቀር ግን የእግር ጉዞ ጫማ ላኪልኝ። የድሮው ሶሉ አልቆ ጉልበቴን እያመመኝ ነው። ቁጥሬ 39 ነው፣ ፊቱ ሰፋ ያለውን ምረጪ፣ ነጭ እንዳይሆን ብቻ፤ የሰፈሩን ጭቃ ታውቂዋለሽ።

እናትሽ