በሕይወት ላተረፋችሁን ሁሉ

ከሁሉ በፊት ፈጣሪ ይመስገን። የተሳፈርንባት አነስተኛ አውሮፕላን ገና ከመነሳቷ ወደቀች፤ ሁላችንም ግን በሕይወት አለን። ስብራት አለ፣ ስፌት አለ፣ ሞት የለም።

አብራሪያችን፣ ምስጋናዬን ካንተ ልጀምር። ሞተሩ ተንተፋትፎ ቀጥ ሲል ከኋላ "ተመለስ! ተመለስ!" የሚል ጩኸት ነበር። አንተ ግን የአውሮፕላኗን አፍንጫ ዝቅ አድርገህ ፊት ለፊት ወዳለው እርሻ ያዝክ። ያተረፈን ይሄ ነው። ሞተር በጠፋበት ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ወደ ማኮብኮቢያው ለመዞር መሞከር ስንቱን አብራሪ እንደቀጠፈ የሙያው ሰዎች አስረድተውኛል። መዞር ከፍታ ይበላል። ፍጥነቷ ከወረደ ደግሞ ክንፎቿ አይሸከሟትም፤ ቁልቁል ነው የምትምዘገዘገው።

መሬት ሳንነካ ነዳጁን ዘጋህ፣ ኤሌክትሪኩን አጠፋህ። "ቀበቶ አጥብቁ፣ በሩን ከፈት አድርጉት" ስትል ድምፅህ እንኳ ከፍ አላለም። ከወደቅን በኋላ ከተሰበረው ክንፍ ነዳጅ ሲንዠቀዠቅ አየሁ። እሳት ግን አልተነሳም።

በእርሻው ላይ የነበራችሁ ወገኖቼ፣ ሌላው ከነዳጅ ይሸሻል፤ እናንተ ወደ እኛ ሮጣችሁ መጣችሁ። አንዳችሁ "ማንም ክብሪት እንዳይጭር!" እያለ ሰዉን ያስጠነቅቅ ነበር። ቀስ ብላችሁ፣ ሰውነቴን ሳታጣምሙ ራቅ አድርጋችሁ አስተኛችሁኝ። ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ይዘው "እንዳትነቃነቅ ልጄ" ሲሉኝ የነበሩት እናት፣ አምቡላንስ እስኪደርስ እጃቸውን አላነሱም። አከርካሪዬ ተሰንጥቆ ነበር። ዛሬ በእግሬ ቆሜያለሁ። እናቴ፣ ውለታዎትን በምን እከፍላለሁ? እግዜር ይስጥልኝ።

ስንወድቅ አይታችሁ እርዳታ የጠራችሁ የመቆጣጠሪያ ማማ ባለሙያዎች፣ ሌሊቱን ያልተኛችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ደም የሰጣችሁ፣ በጸሎት ያሰባችሁን ሁሉ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ሞተሩ ለምን እንደጠፋ ገና እየተመረመረ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ መሠረት የምርመራው ዓላማ አደጋው እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም። እባካችሁ ውጤቱ ሳይወጣ በአብራሪው ላይ አትፍረዱ። የሚወራው ጆሮው ይደርሳል፣ ልጆቹም ይሰማሉ።

እሱ ገና ከሆስፒታል አልወጣም። የምትችሉ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ሰው ሲመጣለት ፊቱ ይፈካል።