ደመወዙን ሳይሆን መንገዱን ንገሩልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አብራሪዎች እጥረት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያሳዩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ክፍል ስገባ አራት ሆነው አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። «ቲቸር፣ ዓለም 674,000 ፓይለት ይፈልጋል!» አለኝ አንዱ። ቁጥሩ ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው የ20 ዓመት ትንበያ ነው። «ትንበያውን ያወጣው አውሮፕላን ሻጭ መሆኑንም አትርሱ» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ብዙም አይርቅም። የሐረርም ሰው የሚሳፈረው ከዚሁ ነው። ልጆቹ አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ እያዩ አድገዋል። ስለ ሥራው የሚያውቁት ግን የካፒቴኑን ዩኒፎርምና የሚወራለትን ደመወዝ ብቻ ነው። የእናንተም ጽሑፍ እዚያው ላይ አበቃ። ቅር ያሰኘኝም ይኸው ነው።

ምክንያት አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። እናቱ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ጨርቅ ይነግዳሉ። 12ኛን እንደጨረሰ አንድ ደላላ «የአብራሪነት ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀ። እናትየው ዕቁባቸውን አውጥተው፣ የጎደለውን ከወንድማቸው ተበድረው ከፈሉ። ከወራት በኋላ ልጁ ለሕክምና ምርመራ ሲቀርብ ቀይና አረንጓዴን በደንብ እንደማይለይ ታወቀ። እሱ ራሱ እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። ደላላው ስልኩን ዘጋ፤ ገንዘቡም በዚያው ቀረ። እኔም ስለ ብርሃንና ቀለም ስንት ጊዜ ሳስተምረው አንድ ቀን እንኳ አላስተዋልኩም። አሁን ከእናቱ ጋር ሱቅ ይውላል። በቀደም ለመጋረጃ የሚሆን አረንጓዴ ጨርቅ እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ወደ እናቱ ዞረ።

ስለዚህ ፓይለት መሆን የሚፈልግ ልጅ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሳንቲም ከመክፈልህ በፊት ተመርመር። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ ቀለም መለየት፣ ሁሉም ይታያል። «መነጽር ያደረገ ፓይለት አይሆንም» የሚባለው ግን የሰፈር ወሬ ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት በመነጽር ተስተካክሎ በሚገባ የሚያይ ሰው ያልፋል። ቀጣሪው ከዚያ ጠበቅ ያለ መስፈርት ሊያወጣ ስለሚችል ማስታወቂያውን ማንበብ ነው።

ሌላው የገንዘቡ ነገር ነው። ለእኛ አገር ልጅ ከሁሉ የሚሻለው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ማስታወቂያ ተወዳድሮ፣ እዚያው ሠልጥኖ፣ በውል ማገልገል ነው። ፉክክሩ ቀላል አይደለም። በራስ ወጪ ለሚማር ደግሞ የንግድ አብራሪ ላይሰንስ እንደ ሥልጠናው ዓይነት ከ150 እስከ 200 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። በየሰዓቱ ነዳጅ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ የአውሮፕላን ኪራይ አለ። ይህን ሁሉ ጨርሶ የሚያገኘው ላይሰንስ ነው፤ ሥራ አይደለም! ከዚያ በኋላም በሚያበረው አውሮፕላን ዓይነት ለብቻው ይሠለጥናል። ለካፒቴንነት የሚያበቃው ላይሰንስ 1,500 ሰዓት ይፈልጋል። «እጥረት አለ» ሲባል፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ በየአገሩ የሚፈለገው በአብዛኛው ይህን ሰዓት የሞላው ሰው ነው። ትናንት ላይሰንስ የያዘው ልጅ ገና ሰልፍ ላይ ነው። ጽሑፋችሁ ይህን አንድ መስመር ቢጨምር ኖሮ ስንት ቤተሰብ ቆም ብሎ ያስብ ነበር።

ዕድገቱን አልክድም። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤርባስ ኤ350-1000 የተባለውን ትልቅ አውሮፕላን ከአፍሪካ ቀድሞ ተረክቧል። ቢሾፍቱ አጠገብ የታሰበው አዲሱ ማረፊያ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታቅዷል። እኔን ግን ከብዛቱ ይልቅ ከፍታው ይስበኛል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ነው ያለው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን ጭነቱን ሞልቶ ለመነሳት ይቸገራል። ቢሾፍቱ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። የድሬ ሙቀትም እንዲሁ አየሩን ያሳሳዋል። እኛን በቀትር ጥላ ፍለጋ የሚያስሮጠን ሙቀት የአውሮፕላኑንም ክንፍ ያደክማል። ይህን ሰሌዳ ላይ ስሥል የኋላ ወንበር ተኝቶ የነበረው ሁሉ ይነቃል። «ሴትስ ትሆናለች?» ያለችኝም አለች። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያው የቦይንግ ትንበያ ላይ የሚፈለገው የጥገና ባለሙያ 716,000 ነው። ከአብራሪው ይበልጣል። ይህን ግን ማንም ልጅ በስልኩ አላሳየኝም። ድሬ እኮ በባቡር የተቆረቆረች፣ በወርክሾፕ ያደገች ከተማ ናት። አያቱ በሸመንደፈር (በምድር ባቡሩ) ብረት ሲቀጠቅጥና ሞተር ሲፈታ የኖረ ልጅ በየሰፈሩ አለ። የአውሮፕላን ሞተር መፍታት ከማብረር የሚያንስ ሥራ መስሎ የታየው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ቀጣዩ የሠልጣኝ አብራሪዎች ማስታወቂያ ሲወጣ ዕድሜውን፣ ቁመቱን፣ የትምህርት ደረጃውን፣ የምዝገባውን ቦታና ቀን በግልጽ አማርኛ ጻፉልን። አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ከሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ያለው መሆኑ እንዴት እንደሚጣራም አክሉበት። ቆርጬ የክፍሌ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ለታይዋን ነጋዴዎችም ኮፒ አደርግላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ከድሬዳዋ