ኒውዮርክን ተዉልኝና ቦዩን ክደኑልኝ

በሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ለሚሠራው ተቋራጭ ድርጅት
ለፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ፣ መጋላ

ጉዳዩ፦ ለረመዳን ይከደናል ተብሎ እስከ ዛሬ አፉን ከፍቶ ስለቀረው ቦይ፣ እና ስለተሰጠኝ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ማን እንደሆንኩ ታውቁኛላችሁ። ሳምቡሳ ቤቷ ነኝ። ሦስት ጊዜ ካምፓችሁ ድረስ መጥቻለሁ፤ ስልክ የደወልኩትንማ መቁጠር ትቻለሁ። ስለዚህ ቦዩ መቼ ተቆፈረ፣ ስንት ሜትር ነው ወደሚለው አልገባም። እሱ ፋይላችሁ ውስጥ አለ። የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ ስለሆነው ነገር ነው።

ሐሙስ አሥር ሰዓት አልፏል። ዘይት ጥጄ ሊጥ እያጠፍኩ ነበር። የሳይት ኢንጂነራችሁ በመኪና መጣና ከቦዩ ማዶ ቆመ። እጄን እንኳን ሳልታጠብ ወጣሁ። «ኢንጂነር፣ ቦዩ መቼ ነው የሚከደነው?» አልኩት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ይደርሳል» አለኝ። «ለረመዳን ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት። ያኔ ቀና አለና «ኒውዮርክ እንኳን የምድር ውስጥ ባቡሩን ለመጨረስ መቶ ዓመት ፈጅቶበታል፤ እናንተ ለአንድ ቦይ አገር ታምሳላችሁ» አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱም መኪናው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ዘጋ።

አንቺ ብሎ ስለጠራኝ አይደለም የከፋኝ። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ አንቺ ነው የምንለው፤ ፍቅራችን ነው። የከፋኝ ይሄው ሰው ጥር ላይ እኔው ቤት ቁጭ ብሎ፣ ቅርንፉድ የገባበት ሻይ እየጠጣ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ለረመዳን ተከድኖ ታገኚዋለሽ፣ በእናቴ» ማለቱ ነው። በእናቱ የማለ ሰው ነው። እኔ ይህን ቃል ይዤ ዱቄት ጨመርኩ፣ 20 ሊትር ዘይት በብድር ገዛሁ፣ አንዲት ልጅ በደመወዝ ቀጠርኩ። የሳምቡሳ ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያንን አንድ ወር ነው። ከመግሪብ በፊት ባለችው አንድ ሰዓት የምሸጠውን በሌላ ጊዜ በሦስት ቀን አልሸጠውም።

ረመዳን ገባ፣ ቦዩ እንደተከፈተ ነው። መሻገሪያ ብላችሁ ያደረጋችሁልን አንዲት ጣውላ ናት። ያውም ከፎርምዎርክ፣ ማለትም ኮንክሪት ከሚፈስበት የእንጨት ቅርጽ፣ የተነቀለች፣ ሲሚንቶ የደረቀባት፣ ሁለት ሚስማር ወደ ላይ የቀረባት። ሚስማሮቹን ያጎበጠው ልጄ ነው፣ በድንጋይ። ጣውላዋ መሐል ላይ ስትረግጧት ትዋዥቃለች። ሁልጊዜ ማፍጠሪያ ሲደርስ ስድስት ሳምቡሳ የሚወስዱ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አሉኝ፤ ከዘራቸውን ይዘው ማዶ ቆመው ይቀራሉ። ፌስታሉን መጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አንጠልጥዬ በቦዩ ላይ አሻግርላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ብሩን እንደዚያው አድርገው ይመልሱልኛል። ወሩን ሙሉ እንዲህ አደረግን። እሳቸው ታግሰው መጡ። ሌላው ደንበኛ ግን ለምን ብሎ ይምጣ? መንገድ ወዳለበት ሄደ።

አሁን ወደ ኒውዮርኩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ ስልኩን ከፈተና አብረን ቁጭ ብለን አነበብን። ኢንጂነራችሁ የነገረኝ ግማሹን ነው። እሱ ያለው በሰከንድ አቬኑ ጎዳና ሥር የሚሄደው የኒውዮርክ ባቡር መስመር እውነትም በፈረንጆቹ ከ1920 ገደማ ጀምሮ ሲታሰብ የኖረ ነው። ግን መቶ ዓመት ሙሉ ሲቆፈር አልነበረም። መጀመሪያ ዓለምን ያናወጠው የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነት። በ1972 መቆፈር ጀመሩ፣ በ1975 ከተማው ገንዘብ አልቆበት ሊከስር ሲል አቆሙ። በ2007 እንደገና ተጀምሮ የመጀመሪያው ክፍል በ2017 የመጀመሪያ ቀን ሕዝብ ተሳፈረበት። እና የእናንተ ምክንያት የትኛው ነው? ጦርነት ነው? ኪሳራ ነው? ከሆነ ንገሩን፣ ሰው ነን እንረዳለን። እስከ ዛሬ ግን ምክንያት የነገረን ሰው የለም።

ደግሞ እነሱ የሠሩት ምን እንደሆነ እዩ። በቆመ ሕንፃ ሥር አለት በድማሚት እያፈነዱ ትልልቅ ዋሻ አውጥተው ነው ጣቢያ የሠሩት። እናንተ የያዛችሁት ከወገብ የማያልፍ ቦይ ነው። ክዳኑ ኮንክሪት ነው፤ ተሠርቶ ካምፓችሁ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ሌላም ያነበብነው አለ። ያ ሦስት አዲስ ጣቢያ ያለው፣ ሦስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መስመር ወደ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ነው የበላው። ሃርለም ወደሚባለው ሰፈር የሚቀጥለው ክፍል ደግሞ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። ነገሩን ያጠኑ ሰዎች ጣቢያዎቹ ከሚያስፈልገው በላይ ተለጥጠዋል፣ አማካሪው በዝቷል፣ የሰው ኃይሉ ከልክ አልፏል ብለው ነው የሚተቹት። እዚያው አገር በውድነቱና በመጓተቱ የሚነሳ ሥራ ነው። ማድሪድ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ከ28 ጣቢያ ጋር በአራት ዓመት ገደማ ሠርቶ በ2003 ከፍቷል። ኢንጂነር የሆነ ሰው ምሳሌ ሲያመጣ ጥሩ የሠራውን ያመጣል እንጂ እንዴት የተጓተተውን ይዞ ይሟገታል?

ያነበብኩት ሁሉ አንጀቴን የበላኝ ግን ሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛው፣ እዚያ ጎዳና ላይ ድሮ ከመንገዱ በላይ በብረት ድልድይ የሚሄድ ባቡር ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ አፈረሱት። በሚቀጥለው ጎዳና ላይ የነበረውንም በ1955 ዘጉት። ምድር ውስጥ የሚገባው ይመጣል ተብሎ ሰው ነባሩን አጣ፣ አዲሱንም ሳያይ ስንት ዘመን ኖረ። እኛንም ያደረጋችሁን ይሄንኑ ነው። የነበረንን የድንጋይ መሻገሪያ አፈረሳችሁ። በቦታው ሚስማር ያለባት ጣውላ ሰጣችሁን።

ሁለተኛው፣ እዚያም እንደኔ ያሉ ባለሱቆች በአጥርና በአቧራ ተሸፍነው ገበያ አጥተዋል፤ የዘጉም አሉ። አላውቃቸውም፣ ግን ሕመማቸው ገባኝ። ቢሆንም በ2013 እዚያው ጎዳና ላይ የመረጃ ማዕከል ተከፍቶላቸው ነበር። ሰው ገብቶ ሥራው የት ደረሰ ብሎ ይጠይቃል፣ ሥዕሉን ያያል፣ መልስ ይሰጠዋል። እናንተ ጋ የሚመልስልኝ ጥበቃው ነው። እሱም «ኃላፊው የለም» ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም።

ደግሞ ይሄን የምትነግሩት ለማን ነው? ድሬ እኮ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በእኛ አቆጣጠር በ1890 ተጀምሮ በ1895 እዚህ ደርሷል። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ በአምስት ዓመት፣ ያውም በሰው ጉልበት፣ በአካፋና በዶማ። አያቴ ይሄን ስትተርክ ነው ያደግኩት። ለድሬ ልጅ ሥራ ጊዜ ይፈጃል ብሎ ማስተማር አያስፈልግም። የሚፈጀውንም የማይፈጀውንም እናውቃለን።

መቼም ከጀመርኩት ሁሉንም ልበለው። መጋቢት ላይ ስካቫተራችሁ የውሃ መስመራችንን በጥሶ 9 ቀን ያለ ውሃ ቆይተናል፤ በባጃጅ ጀሪካን እያስጫንኩ ነው የሠራሁት። ጠጠሩን ደጄ ላይ ደፍታችሁ ሁለት ሳምንት ብለምን አላነሳችሁትም። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሚክሰር ታስነሳላችሁ። ፎርማናችሁ «በኔ ይሁን» ብሎ ሠራተኞቹ በዱቤ የጠጡት ሻይ 2,340 ብር ደርሷል፣ ደብተሩ እጄ ላይ ነው። ልጆቹ ላይ አልፈርድም፣ ፀሐይ ላይ ሲለፉ ይውላሉ። ቃሉን የሰጠው ፎርማኑ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ክረምቱ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ምን እንዳደረገን እናንተ ባታውቁ እኛ እናውቃለን። ከ200 በላይ ሰው ነው ያጣነው። ቦዩ የታሰበው ጎርፉ እንዲወርድበት አይደለም እንዴ? አሁን አፈርና ፕላስቲክ ሞልቶት፣ ግማሹ ተከፍቶ ግማሹ ተደፍኖ ነው ያለው። ውሃው መጥቶ መሄጃ ሲያጣ የሚገባው ቤታችን ነው። ልጆች ደግሞ ማታ ማታ በዚያች ጣውላ ላይ ይሯሯጣሉ።

መጀመሪያ ልጠይቃችሁ የነበረው ክዳን ብቻ ነበር። አሁን አይበቃኝም። ቦዩ ተጠርጎ ሰኔ ሳይጋመስ ይከደን። እስከዚያ ድረስ መደገፊያ ያለው ሰፊ የብረት መሻገሪያ ነገ ዛሬ ሳትሉ አስቀምጡ። የሚያልቅበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ፣ ማህተም አድርጋችሁ ስጡን፤ በአፍ የሚሰጥ ቀን ከእንግዲህ አልቀበልም። የሻዩን ሒሳብ ክፈሉ። ለረመዳን ከስሬያለሁና ስለሱም ቁጭ ብለን እንነጋገር። ኢንጂነሩም በሰው ፊት እንዳለኝ ሁሉ በሰው ፊት ይቅርታ ይበለኝ፣ ሠራተኞቹ ባሉበት።

ካልሆነ የጎረቤቶቼን ፊርማ ይዤ ከተማ አስተዳደሩ ጋ እገባለሁ። 31 ሰው ፈርሟል። የጣውላዋንም ፎቶ አንስተናል፣ ከነሚስማሯ።

ይህን ደብዳቤ ለጥበቃ አልሰጥም። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ራሴ ይዤው ቢሯችሁ እመጣለሁ። ፈርማችሁ ተቀበሉኝ፣ ኮፒው እኔ ጋ ይቀራል።

ከአክብሮት ጋር
ሳምቡሳ ቤቷ