የወንጂ ሸንኮራ ቆራጮች ካምፕም ቅርስ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ታሪክ በተወራ ቁጥር ቀድመው የሚነሱት የፋብሪካው ማሽኖችና ሆላንዶቹ የኖሩባቸው ቪላዎች ናቸው። ይጠበቁ፤ አልቃወምም። እኔ የምጽፈው ግን ስላደግሁበት የሸንኮራ ቆራጮች ካምፕ ነው።

አባቴ ከከምባታ የመጣ ቆራጭ ነበር። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1943 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ በ1946 ዓ.ም. ፋብሪካውን ሥራ ሲያስጀምር፣ ብዙው ጉልበት የመጣው ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ነው። ሜዳው ከዚያ በፊት የጂሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ግጦሽ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም።

ሸንኮራ ከመቆረጡ በፊት ማሳው ላይ እሳት ይለቀቅበታል፤ ቆራጩ የሚገባው ጥላሸት ውስጥ ነው። አባቴ ማታ ሲመለስ ከዓይኑ በቀር የሚለይ ነገር አልነበረውም። እናቴ ሸሚዙን ለብቻው ነበር የምታጥበው፤ ከእኛ ልብስ ጋር ከተነከረ ሁሉንም ያጠቁረዋል። ጎረቤቶቻችን ላጤዎች በአንዲት ክፍል አራት አምስት ሆነው ያድራሉ፣ ክረምት ፋብሪካው ለጥገና ሲቆም አገራቸው ይገባሉ። እድሩም፣ የደመወዝ አቤቱታውም የሚመከረው እዚያው በር ላይ ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት የወንጂ ሠራተኞች ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ይህ ታሪክ በቪላዎቹ ውስጥ አይገኝም።

የውሃው ነገር ደግሞ አለ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። እዚያ ተወልደን ያደግነው በጥርሳችን እንታወቃለን፤ ቡናማ ነው። ለረጅም ዓመት የጠጡት አባቶች ጀርባቸው ደርቆ፣ አንገታቸውን ማዞር አቅቷቸው አይቻለሁ። ሐኪሞች ፍሎሮሲስ ስለሚሉት ስለዚህ የወንጂ ሕመም ብዙ ጽፈዋል። ልጆቻችን ግን ያንን ውሃ የቀዳንባትን የጋራ ቧንቧ ቆመው ቢያዩ ከየትኛውም ጽሑፍ በላይ ይገባቸዋል።

ሰው በጠባብ ክፍል እየኖረ ቤቱ ሙዚየም ይሁን አልልም። ነዋሪው ደህና ቤት ይገባዋል፤ ካምፑ ይታደስ፣ ይስፋ። የምጠይቀው አንድ ረድፍ ቤት፣ ከነማድ ቤቱ፣ ከነመጸዳጃውና ከነቧንቧው፣ ሳይፈርስና መልኩ ሳይለወጥ እንዲተው ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ብቻ አድርጎ አልወሰነውም። ሞሪሸስ ከህንድ በኮንትራት መጥተው በሸንኮራ እርሻዎቿ የሠሩት ሰዎች ከመርከብ ሲወርዱ የተቀበለቻቸውን ጣቢያ፣ አፕራቫሲ ጋትን ጠብቃ፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት አስመዝግባዋለች። ከጣቢያው ተርፎ የነበረው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው፤ እኛ ጋ ገና ሰው የሚኖርበት ሰፈር አለ።

አሮጌዎቹ የወንጂና የሸዋ ፋብሪካዎች ሥራ ካቆሙ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና የአዲሱ ፋብሪካ አስተዳደር ባለሙያ ልከው ረድፉን ይምረጡ፣ ይለኩ፣ ይመዝግቡ። የአባቴን ገጀራና የሥራ መታወቂያ በነጻ እሰጣለሁ፤ በየቤቱም እንዲህ ያለ ዕቃ አለ። ከሁሉ በፊት ግን መቅረጸ ድምፅ የያዘ ሰው ይምጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቆረጡት ሽማግሌዎች በየጊዜው እያለፉ ነው፤ የትኛው ክፍል የማን እንደነበረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የቀድሞ የወንጂ ነዋሪ